ከእንስሳት ጋር አምስተኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ

ዕድሜዬን በትክክል አላውቀውም። እናቴ «ቡናው በበረዶ የረገፈ ዓመት ነው የወለድኩህ» ትለኝ ነበር፤ ቡና ስንት ጊዜ በበረዶ እንደረገፈ ደግሞ ቆጥሮ ያስቀመጠ ሰው የለም። ብቻ ሰባን ካለፍኩ ቆየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ፣ አምስተኛ ክፍል ገብቼ፣ በቀኜ ጅብ በግራዬ አህያ ተቀምጦ፣ አንበሳ እያፈጠጠብኝ ዲላ ከተማ ውስጥ ዋልኩ ብዬ ብነግራችሁ «አይ፣ ሽማግሌው አርጅተዋል» ትላላችሁ። ማርጀቱን አርጅቻለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እኔ ከቸኮልኩ መሐሉ ይጠፋብኛል።

ጸጋነሽ አምስተኛ ክፍል የምትማር የልጄ ልጅ ናት። አባቷ ኮንጋ በምትባል ገጠር ቡና ያለማል። መስከረም ላይ በሞተር ሳይክሉ አፈናጦ አመጣትና፣ «አባባ፣ አንተም ብቻህን አትሁን፣ እሷም ከተማ ትማር» ብሎ ከአንድ ጆንያ ቆጮ ጋር አስረከበኝ። ቆጮው በወሩ አለቀ። ልጅቷ ግን ጥሩ ስንቅ ሆነችኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮኑ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚያወራው ስለማላውቃቸው ሰዎች ነው። ጸጋነሽ ግን ስለማውቃቸው ታወራለች። ስለ አጎቷ ላም፣ ስለ ጎረቤት ጥል፣ ማን ቡናውን ሳይደርቅ እንደሸጠ። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ የጀመረችውን ወሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው የምትቋጨው።

በመሐሉ ግን፣ ማለት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንዲት ቃል እንደማትተነፍስ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ጠየቃት፤ ተነሥታ መለሰች። መልሱ ልክ ነበር። አማርኛው ግን የኮንጋ ነው፤ እንደ መንገዱ ወጣ ገባ ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። እንግዲህ በዚያ ክፍል አንድ ዴስክ ለሦስት ልጅ ነው፤ እሷ ለብቻዋ አንድ ዴስክ ይዛ፣ ሌሎቹ አራት አምስት እየሆኑ ይጨናነቃሉ አሉ።

«ታዲያ አጠገብሽ ማን ይቀመጣል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቦርሳዬ።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

«አባባ፣ ለወላጆች በዓል አባቴ ሲመጣ አብሬው እሄዳለሁ። ሁለተኛውን መንፈቅ ኮንጋ ነው የምማረው» አለች።

ምን ልበላት? ልጅን በግድ ማስተማር ዶሮን በግድ ማስታቀፍ ነው፤ እንቁላሉ ላይ ታስቀምጣታላችሁ፣ ዞር ስትሉ የለችም። በዓሉ የካቲት ላይ ነው፣ የመንፈቁ ዕረፍት ሲጀምር። እኔም ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስልኬን ትቀበለኛለች። ይህ ስልክ ልጄ ፊቱን እያየሁ እንዳናግረው የገዛልኝ ነው፤ እስካሁን ያየሁት ጆሮውን ብቻ ነው። ጸጋነሽ ግን ሌላ ጥቅም አገኘችለት። የጃፓን ካርቱን ታይበታለች፤ ልጆቹ «አኒሜ» ይሉታል። አንዲት የሰው ልጅ እንስሳት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ትገባለች። ዝሆኑ ዩኒፎርም ለብሷል፤ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደፈጀ እግዜር ይወቀው። ጅቡ ከረባት አስሯል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይሄኛው ጭራሽ ወንበር ሳቡልኝ ይላል። ከሁሉ የገረመኝ ተኩላና በግ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው መፈተናቸው ነው። በጓ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ተኩላውን ፈርታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሒሳብ ፈተናውን ነው!

ንግግሩ በጃፓን ቋንቋ፣ ከሥር ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ጸጋነሽ ሁለቱንም በቅጡ አታውቅም። ግን ሁሉን ትነግረኛለች።

«አሁን ምን አለች?»

«"ደብተሬን መልስልኝ" አለችው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አባባ፣ እኔም እንደዚያ ስል ፊቴ እንደዚያ ነው የሚሆነው።»

ለካ ያ ካርቱን የጸጋነሽ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ አብዶበታል። መምህራቸው ተመስገን የሚባል ገና ጢሙ ያልሞላለት፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ተማሪዎቹ ስለ ጅብና ተኩላ ብቻ ሲያወሩበት ጊዜ «እንግዲያውስ ለወላጆች በዓል ድራማ እናድርገው» ብሎ ራሱ ድርሰት ጻፈ። ሦስት ትዕይንት አለው። በመጀመሪያው አንድ የሰው ልጅ የእንስሳት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ጭራ የለህም፣ ቀንድ የለህም እያሉ ይሳለቁበታል። በሁለተኛው «ይባረር አይባረር» ተብሎ ለፍርድ ይቀርባል። በሦስተኛው እንስሳቱ ወጥመድ ይገባሉ፤ ሰውየው ጣት ስላለው ቋጠሮውን ፈትቶ ያድናቸዋል፤ ይታረቃሉ፣ ይዘመራል። ጥሩ ድርሰት ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። «ማን አንበሳ ይሆናል?» ሲል ሃያ እጅ ወጣ። «ጅብ?» ሲል አሥር። አህያ እንኳ ተፎካካሪ ነበረባት። «ሰውስ?» ሲል እጅ ጠፋ። ያን ሁሉ ልጅ በያዘ ክፍል ሰው የሚሆን አንድ ሰው ጠፋ!

ከኋላ አንዱ «ጸጋነሽ ትሁን» አለ። ሁሉም «አዎ፣ ጸጋነሽ!» አሉ።

ልጅቷ ቤት መጥታ ምሳዋን ሳትነካ ግድግዳ ትይዩ ተቀመጠች። «በየቀኑ የምሆነውን ደግሞ አባቴ ፊት ልሁነው?» አለችኝ።

በነጋታው በትሬን ይዤ ሄድኩ። መምህር ተመስገንን አገኘሁትና ነገሩን በልስላሴ አስረዳሁት። ደግ ልጅ ነው፤ አዘነ። አናቱን አከከ።

«አባባ፣ እኔም ባትሆን ደስ ይለኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ሰው ጠፋ እኮ!»

እኔም «ሰው ከጠፋማ እኔ አለሁ» አልኩት።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ይህ ንግግር የአፍ ወግ ነው። ጎረቤት ቡና ለቃሚ ሲያጣ «እኔ አለሁ» ትላላችሁ፤ ወገባችሁን ያውቃልና አይጠራችሁም። እንሰት ለመንቀል ጉልበት ሲጠፋ «እኔ አለሁ» ትላላችሁ፤ «ዕድሜ ይስጥልን» ይላችኋል፤ በዚያው ያልቃል። ሰውን ላለማሳፈር የምንለው እንጂ የምንውልበት አይደለም። መምህር ተመስገን ግን ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፣ የአገሩን ወግ የት ያውቃል! ፊቱ እንደ ፋኖስ በራ። ሁለት እጄን ያዘ። «በእውነት አባባ? በእውነት?» አለ። ያን ፊት አይቶ «የለም፣ እንዲያው ለአፌ ነው» የሚል ጨካኝ ካለ እሱ ይንገራችሁ። እኔ አልቻልኩም። ተማሪ ሆንኩ።

ጸጋነሽን አስጠራና «አንቺስ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

«ጉሬዛ» አለች ሳታስብ።

በመንገድ ላይ «ለምን ጉሬዛ?» አልኳት። «ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሆና ሁሉን ታያለች። እሷን የሚነካት የለም» አለችኝ። መምህሩም በዛፍ ፈንታ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥና ፍርዱ ላይ ምስክር ሆና አንዲት ነገር ብቻ እንድትናገር ወሰነላት፦ «እኔ ከላይ ነበርኩ፤ ምንም አላየሁም።» በቃ። ጸጋነሽ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳምንቱን ሙሉ በሹክሹክታ ስታጠናው ሰማሁ።

ጭምብሎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጓሮዬ ካለው እንሰት ደረቁን ኮባ ቀድጄ ፊት አደረግሁት፤ ከቃጫው ጎፈርና ጺም። ሥራው ደስ ይላል፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ጆሮ መሥፋት። ለጉሬዛዋ ነጭ ጺሟን በደንብ አበጠርኩላት። አንበሳ የሆነው አቤል የሚባል፣ እናቱ ሱቅ ያላት፣ ምላሱ የተሳለ ልጅ ነው። የራሱን ጭምብል አገላብጦ አይቶ፣

«አባባ፣ ይሄ አንበሳ እርስዎን ነው የሚመስለው» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔ አንበሳ አይቼ አላውቅም። መስታወት ነው ያየሁት» አልኩት።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። እንግዲህ ድርሰቱ እንዲህ ይላል፦ ሰው ይገባል፤ እንስሳቱ ዞረው ያዩታል፤ ያሽሟጥጡታል። እኔ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ክፍሉ በሙሉ ብድግ!

«ደህና ዋሉ አባባ!»

ጅቡ በትሬን ተቀበለኝ። አህያው ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ «እዚህ ይሻልዎታል፣ እዚያ ነፋስ አለ» አለኝ። እኔም፣ ልማድ አይለቅም፣ «እደጉ፣ ተመንደጉ» ብዬ መርቄ ተቀመጥኩ። ድራማው አለቀ ማለት ነው፤ ሰውና እንስሳ ገና ሳይጣሉ ታረቁ።

«አትነሡ!» አለ መምህር ተመስገን። «እንስሳት ናችሁ! ትልቅ ሰው አታውቁም!»

ደግመን ሞከርነው። አሁን አልተነሡም፤ ግን በገባሁ ቁጥር መቀመጫቸው ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ይልና ይመለሳል፤ ክዳኑን እንፋሎት እንደሚያነሣው ድስት። ከዚያ የአቤል ተራ ደረሰ። ደረቱን ነፋ፤ ጎፈሩን ነቀነቀ፤ ጣቱን ቀሰረብኝ።

«እርስዎ ጭራ የሌለዎት ፍጡር! ከዚህ ቅጥር ግቢ ይውጡልን!... ይቅርታ አባባ።»

መምህሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «አቤል! አንበሳ እኮ ነህ! አንበሳ "እርስዎ" አይልም!»

«ቲቸር፣ አንበሳ እናት የለውም እንዴ? እናቴ ከሰማች ቆዳዬን ነው የምትገፈኝ።»

እኔው ራሴ አማለድኩ። «ልጄ፣ እስከ በዓሉ ድረስ አንተ በለኝ፤ አልቀየምህም» አልኩት። መጀመሪያ «አንተ» ሲል አፉን በእጁ ይዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለመደ። በአምስተኛው ቀን መናኸሪያው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «አንተ! ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎኝ፣ ያለውን ሲሰማው እንደ ሚዳቋ ሮጦ ተሰወረ። ከኋላው «ዘጠኝ ሰዓት!» ብዬ ጮህኩለት፤ አልሰማኝም።

የበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ የየካቲት ፀሐይ ደግሞ ታውቃላችሁ። ለእኔ ከስምንተኛ ክፍል ረጅሙ ልጅ ሰማያዊ ሹራብ ተውሰውልኝ ነበር። ቁምጣም አምጥተው ነበር፤ ቁምጣውን ግን «ለዕውቀትም ቢሆን ልክ አለው» ብዬ መለስኩት። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ ልጄ ከኮንጋ ደርሶ፣ ፊቱን አቧራ አልብሶ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊት የአቤል እናት እትዬ ሙሉ፣ ነጠላዋን አስተካክላ። አጠገቧ ወዳጄ ዱካሌ፣ ሁለት እጁን በበትሩ ላይ ጭኖ። ዱካሌ አገር የሚያከብረው ሽማግሌ ነው፤ በሶንጎ፣ ማለት የእኛ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር በሚቆርጡበት ሸንጎ፣ እሱ ሳይናገር ነገር አይቆረጥም።

ጸጋነሽ ጭምብሏን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ፈራሽ?»

«ሲያልቅ ወዲያው እንሂድ ብዬዋለሁ አባቴን» አለችኝ። ይህ ነበር መልሷ።

መጋረጃው ተከፈተ። ገባሁ። እንስሳቱ አልተነሡም፤ ጎበዞች! ሕዝቡ ግን ሲያየኝ ከፊሉ ብድግ አለ። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፣ ድራማ ነው» እየተባለ ተቀመጠ። እኔም ወደ ተመደበልኝ ዴስክ ሄድኩ። በልምምድ ጊዜ የምቀመጥበት ተራ ወንበር ነበር፤ ለበዓሉ ግን «እንዲያምር» ብለው መቀመጫውና ጠረጴዛው የተያያዘውን ብረት ዴስክ አምጥተዋል። እንደምንም ጉልበቴን አጥፌ ገባሁ። ስገባ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ፤ እኔ ልሁን ዴስኩ አላወቅሁም።

አንበሳው ተነሣ። አገሳ። «አንተ ጭራ ቢስ! ማን አስገባህ?» አለ፤ እንዴት ያለ ድምፅ!

«አቤል!» አለች እትዬ ሙሉ ከፊት ወንበር ብድግ ብላ። «ለማን ነው እንደዚያ የምትናገረው? ለሽማግሌ ነው? ቤት አንገናኝም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንበሳው ጎፈሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። «እማ፣ ድርሰቱ ነው...» የሚል ቀጭን ድምፅ ከቃጫው መሐል ወጣ። ከዚያ ወዲያ አንበሳችን እስከ መጨረሻው «እርስዎ» አለ።

ሁለተኛው ትዕይንት ደረሰ። «ለፍርድ ይቅረቡ! ወደ መሐል ይምጡ!» አለ አንበሳው። ለመነሣት ሞከርኩ። ዴስኩም አብሮኝ ተነሣ። ተቀመጥኩ፤ ተቀመጠ። ጉልበቴና ብረቱ ተነካክሰዋል። ጅቡ ከኋላ ገፋኝ፤ አህያው ከፊት ሳበኝ። ላቤ በሹራቡ ውስጥ እንደ ምንጭ ይወርዳል። ሕዝቡ እንባ እስኪወጣው ይስቃል። መምህር ተመስገን ከመጋረጃው ጀርባ «ባሉበት! ባሉበት ይፈረድባቸው!» ይላል።

ይህን ጊዜ ዱካሌ ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ በትሩን እያስቀደመ፣ መድረኩ ላይ ወጣ። እኔን ሊያላቅቀኝ ነው የመጣው። ሁለት ጊዜ ሳበኝ፤ አልላቀቅ አልኩ። ከዚያ ቀና ብሎ እንስሳቱን አያቸውና፣

«ምን አድርጎ ነው የምትፈርዱበት?» አለ።

መምህሩ ሮጦ መጣ። «አባባ፣ ጨዋታ ነው እኮ!»

«ጨዋታም ቢሆን» አለ ዱካሌ። «ልጆች ይዩት ተብሎ አይደለም? ታዲያ ሽማግሌ ሳይጠይቅ ሲፈረድ ይዩ?» ዘወር ብሎ ሕዝቡን አየ። «ልክ ነው!» አለ ከሕዝቡ አንዱ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም በትራቸውን ይዘው ወጡና ከዱካሌ ጎን ተቀመጡ። እንግዲህ መድረኩ ሶንጎ ሆነ። መምህሩ ድርሰቱን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተው።

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አንበሳው።

«ምን አደረገህ?»

«ጭራ የላቸውም።»

«ጭራ ስለሌለው አንተን ምን ጎዳህ?»

አንበሳው አሰበ። መምህሩን አየ። «እሱ ድርሰቱ ላይ የለም» አለ።

ዱካሌ ወደ እኔ ዞረ። የአርባ ዓመት ወዳጄ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ወዳጄ አልነበረም፣ ዳኛ ነበር። «አንተስ፣ ትምህርት ቤት ለምን መጣህ?»

ድርሰቱ ላይ «ጓደኛ ፍለጋ» የሚል ነበር። ጠፋኝ። ቢሆንም፣ ሶንጎ ፊት ተቀምጠው ሲጠየቁ የተጻፈ አይባልም፤ የሆነው ነው የሚባለው። አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ዱካሌ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ከቡሌ ወርጄ እዚህ ዲላ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ስደርስ መምህሩ "ተነሥና አንብብ" አሉኝ። አነበብኩ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ እንደምናገረው ነው ያነበብኩት። ክፍሉ ሳቀብኝ። ሽንቴን ልሽና ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ። በዚያው አልተመለስኩም። ዛሬ ነው የተመለስኩት።»

መጀመሪያ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ የሚያስቅ ነው። ከዚያ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደና ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማ ጀመር። ልጄ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያየኛል። ለሱም ነግሬው አላውቅም ነበር።

«ምስክር አለ?» አለ ዱካሌ። ቀና ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጉሬዛዋን አያት። «አንቺ ከላይ ያለሽው። ምን አየሽ?»

ዓረፍተ ነገሯን በልቤ አልኩላት፦ ምንም አላየሁም፣ በያትና ይለቅ። ጸጋነሽ ግን ጭምብሏን ወደ ግንባሯ ገፋችው።

«አይቻለሁ» አለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን የኮንጋ ድምፅ ነው፣ እንደ ቤቷ። «ሲስቁበት አይቻለሁ። ዝም ያለውም ሌላ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሳቁበት ነው። እኔ ዴስክ ላይ የሁለት ሰው ቦታ አለ። እዚያ ይቀመጥ።»

ጅቡ ብቻ ክክ ብሎ ሳቀ። ጅብ ስለሆነ ነው ብለን አለፍነው።

ዱካሌ ራሱን ነቀነቀ። «ከሳሽ፣ ሰምተሃል?»

አቤል ጭምብሉን አወለቀ። ፊቱ እንደ ቀይ ሽንኩርት ነው። «አጥፍቻለሁ» አለ። የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ጸጋነሽ ወደተቀመጠችበት ጠረጴዛ ነበር የሚያየው። ዱካሌ ያየ አልመሰለኝም፣ ሽማግሌ ግን ምን ያልፈዋል፣ «ድገመው» አለው። «አጥፍቻለሁ» አለ አቤል።

«እንግዲህ ታርቃችኋል። እጃችሁን ዘርጉ» አለ ዱካሌ። «ቡናችን ይያዝልን!» «አሜን!» «እንሰታችን ይደግልን!» «አሜን!» «ልጆቻችን አንድ ላይ ይደጉልን!» «አሜን!» አዳራሹ ተናወጠ። እንስሳቱም መዳፋቸውን ዘርግተው አሜን አሉ።

እንግዲህ ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ ማን ይቀመጣል? ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ በሩ ጎረፈ። መምህር ተመስገን «ገና ነው! ሦስተኛው ትዕይንት አለ! ወጥመዱ! መዝሙሩ!» እያለ ይሮጣል። ሰዉ ግን እየጨበጠው «እንዴት ያለ ትምህርት ነው የሠራኸው!» እያለው ይወጣል። ከወጥመድ የሚያድነው ሰው ራሱ ዴስክ ውስጥ እንደተያዘ ማንም አላስታወሰም። ልጄና አንድ አናጢ መፍቻ ይዘው እስኪመጡ ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ። እንዲያውም አልከፋኝም፤ ከስንት ዘመን በኋላ ትምህርት ቤት መቀመጤ ነው፣ ምን ያስቸኩለኛል።

ስንወጣ ልጄ ሞተሩን አስነሥቶ «ጸጊ፣ እንሂድ?» አላት።

ጸጋነሽ በእግሯ አሸዋውን ጫረች። «ሳምንት ልቆይ» አለች።

«ጥሩ። ቅዳሜ እደውላለሁ፤ ከፈለግሽ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎ ሄደ።

ያ ሳምንት ረዘመብኝ። ዕረፍት ነው፣ ትምህርት የለም፣ የሚጠይቃት ልጅ የለም። ሰኞ ቤት ዋለች። ማክሰኞ ቤት ዋለች። ስለ ኮንጋ ወንዝ አወራችልኝ። ረቡዕም፣ ሐሙስም። እኔም ለመሄጃዋ ትንሽ ቡና ቋጠርኩላት፤ መሄዷን በሆዴ ተቀበልኩት። ልጅ የእንግዳ ታናሽ ነው፣ ሲሄድ ይሸኛል እንጂ አይታሰርም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የአጥሩ በር ተንኳኳ። አሾልኬ ሳይ አቤል ነው፤ ከኋላው ጅብና አህያ የነበሩት ልጆች። ገባኝ፦ ሦስተኛው ትዕይንት ቀርቷልና መምህሩ ልኳቸዋል። ባርኔጣዬን አደረግሁ፣ በትሬን ፈለግሁ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ብቅ አልኩ።

«መጣሁ ልጆቼ፤ ግን ያን ብረት ዴስክ ዳግመኛ እንዳታሳዩኝ» አልኳቸው።

ተያዩ። አቤል አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ በትልቅ አክብሮት፣ «አባባ፣ እርስዎን አልፈለግንም። ጸጊ አለች?» አለ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸጋነሽ ጫማዋን በቅጡ ሳታስር አጠገቤ አለፈች። «ጪጩ ገበያ ድረስ ነው አባባ!» የሚል ሰማሁ፤ ከዚያ መንገዱ ላይ አራቱም አንድ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። የሷ ድምፅ ከሁሉ ይበልጣል።

ባርኔጣዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ልጄ ነው።

«አባባ፣ ልምጣ? ጸጊ ምን አለች?»

«የለችም፣ ወጥታለች» አልኩት።

«ወጥታለች? ከማን ጋር?»

«ከአንበሳ፣ ከጅብና ከአህያ ጋር» አልኩት።

ትልቅ ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«እንግዲያስ አልመጣም» አለኝ።